ቁጥር የተሰጠው ጥሪ በቀላሉ አይሻርም

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ አብደራፊ በቀን ሠራተኛ ትሞላለች፤ የድካሙን ዋጋ የተቀበለውም በቴሌብር ለቤተሰቡ ብር ይልካል። በስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ግን በራሱ ሥልጣን የሚፈጽመው ነገር ጥቂት ነው። ፋይል መክፈት፣ ሰዓት ማየት፣ በኔትወርክ መልእክት መላክ የከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ሥራ ነው፤ ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ከርነሉ ሊነክስ ነው። ጭነት በመተማ ዮሐንስ ኬላ ወረቀቱን አስመርምሮ እንደሚያልፍ (ኮንትሮባንዱን ትተን)፣ ፕሮግራምም የሚፈልገውን በቁጥር ለከርነሉ ያቀርባል፤ ከርነሉ መርምሮ ይፈጽማል ወይም ይከለክላል። ይህ ጥሪ ሲስተም ኮል ይባላል። በባለ64 ቢት ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ማንበብ 0፣ መጻፍ 1፣ ፋይል መክፈት 2 ቁጥር ነው፤ ዝርዝሩ ዛሬ ከ300 በላይ ደርሷል።

አንድ ጥሪ መጨመር እንደ ኮድ ከባድ አይደለም፤ አንድ ፋንክሽን ይጻፋል፣ በሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ይገባል። ከባዱ፣ የገባው በቀላሉ አለመውጣቱ ነው። የሊነክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አጥብቆ የያዘው ደንብ፣ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ከርነሉ ስለታደሰ መሥራት ማቆም የለበትም የሚል ነው። በዚህ ደንብ ስህተትም ይጸናል። ፋይል መክፈቻው ጥሩ ማስረጃ ነው። ከመጀመሪያው ኦፕን ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ኦፕን-አት መጣ። ይህ ጥሪ የማያውቀው የአማራጭ ምልክት ሲደርሰው ስህተት ነው ብሎ አይመልስም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ አዲስ ምልክት ቢጨመርበት፣ ፕሮግራሙ ትእዛዙ መፈጸሙን ወይም መዘለሉን ማወቂያ የለውም። ይህን ማረም የቆዩ ፕሮግራሞችን ስለሚያበላሽ በ2020 ኦፕን-አት-ቱ የሚባል ሦስተኛ መክፈቻ ተጨመረ። ሁለቱ አሮጌዎች ዛሬም ከቦታቸው አልተነሡም። የአሁኑ የከርነል መመሪያ አዲስ ጥሪ ለወደፊት ምልክቶች ቦታ ይተው፣ ያላወቀውንም ይመልስ የሚለው ከዚህ ዓይነቱ ኪሳራ ተምሮ ነው።

እንዲህ ከሆነ ባለው ለምን አይኖሩም? የሚል ይኖራል። አይቻልም፤ ዓለም ከጥሪው ስፋት በላይ ታድጋለች። በባለ32 ቢት ሲስተሞች ላይ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1970 መግቢያ ጀምሮ በሰከንድ ይቆጠር ስለነበር፣ ቆጣሪው የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው፤ ልክ በጥምቀት ዕለት። በቀጣዩ ሰከንድ ያልታረመ መሣሪያ ወደ ታኅሣሥ 1894፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። የቆየው ጥሪ እንዳይሰፋ፣ የቆየው ፕሮግራም ለመልሱ ያዘጋጀው ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሊነክስ 5.1 ባለ64 ቢት ጊዜ የሚቀበሉ 20 ያህል ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ ጨመረ። ሌላው ሐሳብ አይኦክትል በሚባለው ሁሉን ቻይ ጥሪ ውስጥ አዲሱን ሥራ መሸሸግ ነው። ይህ ግን ቁጥር ያስቀራል እንጂ ግዴታውን አያስቀርም፤ እዚያ የገባውም ትእዛዝ አንዴ ፕሮግራም ከተደገፈበት አይነሣም፣ የሚመረምረው ዓይን ደግሞ ያነሰ ነው።

ጥሪው ተጨምሮም ለተጠቃሚው እስኪደርስ ረጅም መንገድ አለው። የራስን የክር (ትሬድ) ቁጥር የሚጠይቀው ጥሪ በከርነሉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነበር፤ ጂሊብሲ የተባለው ዋናው የሲ ላይብረሪ መጥሪያ ያበጀለት በ2019 ነው። አብደራፊ ላይ ያለው ስልክ ደግሞ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ በኋላም በዚያው ከርነል ለዓመታት ያገለግላል። ፕሮግራመሩ አዲሱን ይሞክርና ካልተሳካ ወደ አሮጌው ይመለስ ይባላል። በተራ ኮምፒውተር ላይ ይህ ልክ ነው፤ የማያውቀው ቁጥር የደረሰው ከርነል እንዲህ ያለ ጥሪ የለኝም ብሎ ይመልሳልና። እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ አንድሮይድ 8 ወዲህ ግን መተግበሪያዎች የተፈቀዱ ጥሪዎች ዝርዝር አለባቸው፤ ከዝርዝሩ ውጭ የጠራ እዚያው ይዘጋል። መሞከሩ ራሱ መተግበሪያውን ሊያስቆመው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ፕሮግራመር ከመጥራቱ በፊት የአንድሮይዱን ስሪት ይጠይቃል፤ አሮጌውንም መንገድ ከኮዱ አያወጣም።