መልኩ ሳይለወጥ ፍቹ ስለ ተለወጠ ቃል

በቅዱሳት መጻሕፍት የሚገኘው ጭንቅ ቃል ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን ከዕለት ንግግር የራቀ፣ ሲያዩት እንግዳ መሆኑ የሚታወቅ ነው። በዮሐንስ ራእይ በ21ኛው ምዕራፍ የተዘረዘሩት የዐሥራ ሁለቱ ዕንቍዎች ስም ከዚህ ወገን ነው፤ ኢያስጲድ፣ ኬልቄዶን፣ ክርስጵራስስ የሚለውን ያየ አንባቢ ቃሉ ከጽርእ የመጣ መሆኑን ባያውቅ እንኳ፣ አላውቀውም ብሎ መምህር ይጠይቃል። ሁለተኛው ወገን ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው። ፊደሉም ድምፁም ያው ነው፤ ፍቹ ግን በዘመን ብዛት ሌላ ሆኗል። ከሁለቱ አብልጦ የሚያስተው የትኛው ነው ቢሉ፣ ሁለተኛው ነው። ያላወቁት ቃል ያስጠይቃልና፤ ያወቁት የመሰላቸው ቃል ግን ሳያስጠይቅ ያሳልፋል።

ከዚህ ወገን አስቀድሞ የሚነሣው ሀገር የሚለው ቃል ነው። በዛሬ አማርኛ ሀገር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አንድ መንግሥት የሚገዛው ምድር ነው። በግእዝ ግን ሀገር ከተማ ማለት ነው። ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ ዮሴፍ ለመቈጠር ወደ ዳዊት ሀገር ወጣ ሲል ቤተ ልሔምን መናገሩ ነው እንጂ፣ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ተሻገረ ማለቱ አይደለም። የሀገር ብዙው አህጉር ነው፤ ይኸውም ከተሞች ማለት ነው። ዛሬ ግን አህጉር ሲባል አፍሪቃን፣ እስያን፣ አውሮፓን የመሰለ ታላቅ የምድር ክፍል ይታሰባል። እንግዲህ በግእዙ መጽሐፍ አህጉር የሚለውን አይቶ በዛሬው ፍች የሚያነብ ሰው፣ በእግር የሚዳረሱትን ከተሞች በባሕር የሚለያዩ ክፍላተ ዓለም ያደርጋቸዋል።

ሕዝቡ ግን የቀድሞውን ፍች ፈጽሞ አልተወውም። በደሴ ገበያ የተገኘ መንገደኛ ሀገርህ ወዴት ነው ቢሉት፣ ሐርቡ ነው፣ ወይም ኮምቦልቻ ነው ብሎ ይመልሳል እንጂ ኢትዮጵያ ነው አይልም። ስለዚህ የመጽሐፉን ቃል ለመፍታት የሚረዳው ነገር አንዳንድ ጊዜ በገበሬው አፍ ይገኛል። በሀገር ፈንታ የገባው ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የንጉሥና የመኰንን ሰፈር ይባልበት ነበር፤ ራስ ሚካኤል የተቀመጡባት ደሴም በመጀመሪያ በዚህ ፍች ከተማ ነበረች።

ሁለተኛው ብሔር የሚለው ቃል ነው። በግእዝ ብሔር ምድር፣ አውራጃ፣ ዓለም ማለት ነው፤ ብዙውም በሓውርት ነው። ብሔረ ሕያዋን ሲል የሕያዋን ምድር፣ ብሔረ ብፁዓን ሲል የብፁዓን ምድር ማለቱ ነው። ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን በፖለቲካ ጽሑፍ ብሔር በቋንቋና በባህል ለተያያዘ ወገን መጠሪያ እየሆነ ሄደ፤ በኅዳር 1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥትም በዚሁ ፍች ተጽፏል። አዲሱ ፍች በስፍራው ያገለግላል። ነገር ግን ወደ ኋላ ተወስዶ እግዚአብሔር በሚለው ስም ላይ ቢጫን ታላቅ ስሕተት ይሆናል። እግዚአ ብሔር ማለት የምድር፣ የዓለም ጌታ ማለት ነውና። በዛሬው ፍች የሚያነበው ሰው የሁሉን ጌታ የአንድ ወገን ጌታ ያደርገዋል፤ ስሙ ለማስፋት የተሰጠውን እርሱ ያጠብበዋል።

ሦስተኛው ግብር ነው። በግእዝ ገብረ ሠራ፣ ግብር ሥራ፣ ገብርም አገልጋይ ማለት ነው። ግብረ ሐዋርያት መባሉ ሐዋርያት የሠሩትን ስለሚናገር ነው። በአማርኛ ግን ገበረ ለገዢው ከፈለ፣ ግብርም የሚከፈለው ገንዘብ ሆነ፤ በቤተ መንግሥትም ለሠራዊት የሚቀርበው ማዕድ ግብር ይባል ነበር። ሥራ፣ መክፈል፣ መመገብ በአንድ ቃል ውስጥ መገኘታቸው ስለ ምንድር ነው ቢሉ፣ ገባሩ ከሥራው ፍሬ ይከፍል ነበርና፣ ከተከፈለውም ማዕዱ ይሰናዳ ነበርና ነው።

አራተኛው ጨዋ ነው። ይህ ቃል በመኳንንት ቤት ሲነገር ትውልዱ የታወቀ፣ ጠባዩ የታረመ ሰው ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሲነገር ግን ያልተማረ፣ ክህነት የሌለው ሰው ማለት ነው። አንዱ ሲመሰገንበት ሌላው ይነቀፍበታል። ሥሩስ ምንድር ነው ቢሉ፣ በግእዝ ፄወወ ማረከ፣ ፄዋ ምርኮ ማለት ነው፤ የዳዊት መዝሙር ስለ ጽዮን መመለስ ሲናገር ይህን ቃል ይጠቀማል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.፣ ጨዋ የሚባሉት በየድንበሩ የሰፈሩ የንጉሥ ወታደሮች ነበሩ። እንዲህ ከምርኮ ወደ ወታደርነት፣ ከወታደርነት ወደ ክብር ወጣ፤ በደብተራ አፍ ደግሞ ካህን ያልሆነው ሁሉ ጨዋ ተባለ። ስለዚህ የቀድሞ ዜና መዋዕል የሚያነብ ሰው ጨዋ የሚለውን ባየ ጊዜ ሠራዊት ነውን፣ ባለ ትውልድ ነውን፣ ያልተማረ ነውን ብሎ ሳይመረምር አይለፍ።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓመት በንጉሥ ጄምስ ዘመን የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4ኛ ምዕራፍ ሕያዋን ያንቀላፉትን አይቀድሙም ለማለት ፕሪቬንት የሚል ቃል አገባ። ያን ጊዜ ቃሉ ቀደመ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ከለከለ ማለት ነው። ሌት የሚለው ቃል ደግሞ በ2ኛ ተሰሎንቄ 2ኛ ምዕራፍ ከለከለ በማለት ገብቷል፤ ዛሬ ተራው እንግሊዛዊ የሚያውቀው ፈቀደ በሚለው ፍች ነው። በአንድ ቃል መከልከል ፈቃድ ከሆነ፣ ምሥጢሩ እንደ ተገለበጠ አያጠራጥርም።

መድኃኒቱስ ምንድር ነው ቢሉ፣ የቀደሙት ሊቃውንት መንገድ ነው። የትርጓሜ መምህር አንድም እያለ ምሥጢሩን ከማብዛቱ አስቀድሞ ነጠላውን ይፈታል፤ ነጠላው ካልቀና አንድምታው አይቀናምና። ይህ በቃል የነበረው ትምህርት እንዳይጠፋ አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፉት፤ ሳይታተም ስላረፉም አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከዚያ በፊት ጀርመናዊው ዲልማን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ዓመት ያሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት ፍቹ በላቲን ስለሆነ፣ ላቲን ለማያውቀው የኢትዮጵያ ተማሪ የተዘጋ ቤት ነበር። የኪዳነ ወልድ ግን ግእዙን በአማርኛ ይፈታል።

እንግዲህ አንባቢ በየቃሉ ሦስት ነገር ይመርምር። ቃሉ በተጻፈበት ዘመን ምን ይሉበት እንደ ነበር፤ ግሡና ብዙው ምን እንደ ሆነ፤ በሌላ ስፍራ እንዴት እንደ ተነገረ። ይህን ያደረገ ሰው እንግዳውን ቃል ብቻ ሳይሆን የታወቀውንም ይጠይቃል። ይህን የተወ ሰው ግን መጽሐፉን አነበብሁ ይላል እንጂ፣ ያነበበው የራሱን ዘመን ነው።