የቀለጠ ድንጋይ ሲረጋ

በአዲስ አበባ ለቤት መሠረት የሚውለው ጥቁር ድንጋይ በአንድ ወቅት ቀልጦ የሚፈስ ነበር። ባለሙያዎች ባዛልት የሚሉት ይህ ድንጋይ፣ ከቀለጠ አለት ከሚገኙት በርካታ ዓይነቶች አንዱ ነው።

አለት ከመሬት በታች ሲቀልጥ ማግማ፣ ገጸ ምድር ላይ ሲፈስ ደግሞ ላቫ ይባላል። ሙቀቱ እንደ ዓይነቱ ከ700 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ሲበርድ ታዲያ ማዕድናቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም። ካናዳዊው ኖርማን ቦወን የማዕድን ቅይጥ በምድጃ እያቀለጠ ማዕድናቱ የሚረጉበትን ተራ መረመረ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1928 በመጽሐፍ አወጣ። ብረትና ማግኒዚየም የበዛባቸው ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ይቀድማሉ፤ ኳርትዝ ከኋለኞቹ ነው። ቀድመው የረጉት ወደ ታች ሲዘቅጡ የተረፈው ቅላጭ በሲሊካ (በሲሊከንና በኦክስጅን ውህድ) እየበለጸገ ይሄዳል። ከአንድ ማግማ የተለያዩ አለቶች የሚወጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

አለቶቹን ለመመደብ ሁለት ጥያቄ ይቀርባል። የመጀመሪያው የት እንደበረዱ ነው። ጥልቅ ውስጥ በሺዎችና በሚሊዮኖች ዓመታት የበረደ ማግማ ክሪስታሉን ለማሳደግ ጊዜ ያገኛል። ግራናይት ሲሰበር ነጣ ወይም ሮዝ ያለው ፌልድስፓር፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ኳርትዝና የሚያብለጨልጨው ጥቁር ሚካ አንድ በአንድ ይለያሉ። ላይ ቶሎ የበረደው ባዛልት ግን ቅንጣቱ በዓይን አይታይም። ክሪስታል ለመሥራት ፋታ ያጣ ላቫ ደግሞ ባልጩት ይሆናል።

ሁለተኛው የሲሊካው መጠን ነው። ከ45 እስከ 52 በመቶ ያለው ላይ ከረጋ ባዛልት፣ ታች ከረጋ ጋብሮ ነው። ከ63 በመቶ ካለፈ በኋላ ራዮላይትና ግራናይት ይመጣሉ፤ በመካከል አንዴሳይትና ዳዮራይት አሉ። ሲሊካ ሲበዛ ማግማው ይወፍራል፣ ጋዙን አፍኖ ይይዛል፣ ሲፈነዳም ይበረታል። ሲሊካው ያነሰው የኤርታሌ እሳተ ገሞራ ላቫ በቀላሉ ይፈሳል። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋም የተነባበረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንዲህ ባለ ባዛልት ነው።

የአክሱም ሐውልቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መፈተኛ ናቸው። በልማድ ግራናይት ይባላሉ። ቅንጣታቸው በዓይን ስለሚታይ ከመሬት በታች ረግተዋል፤ እስከዚህ ድረስ ከግራናይት አይለዩም። ነገር ግን ኳርትዝ የለባቸውም፤ ያላቸው ኔፊሊን ነው። ሁለቱ ማዕድናት አብረው አይረጉም፤ ሲሊካ ቢተርፍ ኖሮ ኔፊሊኑ ፌልድስፓር በሆነ ነበር። ስለዚህ የድንጋያቸው ትክክለኛ ስም ኔፊሊን ሳይናይት ነው።