የዳታቤዝ ገጾችና የቼክሰም ቅንብር

ዲስክ የተጻፈበትን ሁልጊዜ ሳያዛባ ይመልሳል ተብሎ ቢታመንም፣ በእርጅና፣ በተቆጣጣሪ ሶፍትዌሩ ጉድለት ወይም ተጀምሮ በተቋረጠ ጽሕፈት ምክንያት ጥቂት ቢቶች ተለውጠው፣ ምንም የስሕተት ምልክት ሳይሰጥ የተዛባውን እንደ ትክክለኛ ሊያቀርብ ይችላል። ይህን ብልሽት እጅግ አደገኛ የሚያደርገው ሳይታወቅ ከቆየ በየጊዜው በሚወሰዱት መጠባበቂያ ቅጂዎች ውስጥ ጭምር እየተገለበጠ፣ በተደረሰበት ጊዜ አንድም ጤነኛ ቅጂ ላይተርፍ መቻሉ ነው።

ለዚህ የተበጀው መከላከያ ቼክሰም ይባላል፤ እርሱም ከመረጃው ይዘት በስሌት ወጥቶ ከመረጃው ጋር የሚቀመጥ አጭር ቁጥር ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ መረጃን በመደበኛ አሠራሩ 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ ሲያስቀምጥ፣ ገጹ ከሜሞሪ ወደ ዲስክ በሚወጣበት ጊዜ ባለ 16 ቢት ቼክሰም አስልቶ በገጹ ራስጌ ላይ ይጽፋል፤ ገጹ ከዲስክ ሲነበብም ስሌቱን ይደግምና ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ሥራውን በስሕተት መልእክት ያቋርጣል። በስሌቱ ውስጥ የገጹ ተራ ቁጥር ስለሚገባ፣ ይዘቱ ሳይነካ በሌላ ገጽ ቦታ የተጻፈ ገጽ እንኳ ይጋለጣል።

አገልግሎቱ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው 9.3 እትም ቢጀመርም፣ ባለሙያው ካላዘዘ በቀር ሳይበራ ኖሯል፤ በ2025 የወጣው 18ኛው እትም አዲስ ዳታቤዝ ሲመሠረት ከመነሻው እንዲበራ ማድረጉ የዘገየ ቢሆንም ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ሳይበራ ለቆየ ዳታቤዝ ከ12ኛው እትም ወዲህ ፒጂ ቼክሰምስ የተባለ መሣሪያ አለ፤ ሰርቨሩ በሥርዓት ከተዘጋ በኋላ ፋይሎቹን አንብቦ ለየገጹ ቼክሰም ይጽፋል። ሆኖም መሣሪያው የሚያሰላው ገጹን ባገኘበት ሁኔታ በመሆኑ፣ ቀድሞ የተበላሸ ገጽ ብልሽቱን እንደያዘ ትክክለኛ ቼክሰም ያገኛል፤ ስለዚህ ሰንጠረዦቹን በሙሉ አንብቦ መፈተሽ ከማብራቱ መቅደም አለበት።

የቼክሰም ስሕተት ቢገኝም ንባቡ እንዲቀጥል የሚያዝ ቅንብርም አለ፤ ይህ ከተጎዳ ሰንጠረዥ የተረፈውን ለማውጣት ለአጭር ጊዜ ካልሆነ ሊነካ አይገባም፣ ምክንያቱም በርቶ ከተተወ ብልሽቱን ይሸፍናል፣ ያስፋፋልም። ቼክሰም ራሱ የሚጠግነው ነገር የለም፤ የተጎዳው የሚመለሰው ከጤነኛ መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው። ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሁሉ «ሾው ዳታ ቼክሰምስ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ መልሱ «ኦን» ወይም «ኦፍ» መሆኑን ዛሬውኑ ሊያረጋግጥ ይገባል።