ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ደብረ ታቦር ላይ አንዱን ተማሪ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብትሉት ሳያመነታ «በመቶ!» ይላችኋል። ቤቱ የተጣደው የባቄላ ንፍሮ ግን ሌላ ይመሰክራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ሳሳ ያለ ነው። ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስም 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ከ4,100 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ተራራ አናት ደግሞ 86 ወይም 87 ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ እንጨት ቢማገድለት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ንፍሮው የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ተማሪው አልዋሸም፤ ቁጥሩን ያዘ፣ ሁኔታውን ግን ረሳ። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ የተዘጋጁ መጻሕፍት አሉ። ከነዚህ ስመ ጥሩ «ሲ.አር.ሲ. ሃንድቡክ ኦፍ ኬሚስትሪ ኤንድ ፊዚክስ» ይባላል።

የመጽሐፉ አወላለድ ከገበያ ነው። ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ የነበረው ኬሚካል ራበር ኩባንያ ለላቦራቶሪ የሚሆን የጎማ ዕቃ ይሸጥ ነበር። በ1913 እ.ኤ.አ. 116 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ አንድ ደርዘን የጎማ ሽርጥ ለገዛ ደንበኛም ምርቃት አደረጋት። ሽርጡ ተረሳ፣ ምርቃቷ ገነነች። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ «የጎማው መጽሐፍ ቅዱስ» እያሉ ይቀልዳሉ። 100ኛው እትም በ2019 ሲወጣ ያቺ ትንሽ መጽሐፍ እጅግ ወፍራም ሆና ነበር። በዕድሜ የምትበልጣት አለች፦ ላንዶልትና ቦርንሽታይን የተባሉ ሊቃውንት ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ያሳተሙት በ1883 ነው።

ውስጡን ስትገልጡ ትረካ አታገኙም፤ ዓምድና ረድፍ ብቻ ነው። የውሃን እንፋሎት ግፊት ሰንጠረዥ ውሰዱ። በአንዱ ዓምድ ሙቀት፣ በሌላው ግፊት ተደርድሯል። ከ100 ዲግሪ ትይዩ 101 ኪሎፓስካል ገደማ ይነበባል፤ የባሕር ዳርቻ አየር ግፊት ማለት ነው። ከ91 ትይዩ ያለው 73 ገደማ ነው። ይህ የደብረ ታቦር ረድፍ ነው።

መዳብን ብትፈልጉ መቅለጫው 1,085 ዲግሪ ገደማ ነው ይላችኋል፤ ያ ግን ለንጹሕ መዳብ ነው። ከቆርቆሮ ወይም ከዚንክ ጋር ሲቀላቀል ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን የነሐስ መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. አቅልጠው ሲሠሩ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱም ገና አልታተመም ነበር።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ «ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል» ስትሉ «በባሕር ጠለል ላይ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ለጉና ልጅ ትልቁ ትምህርት ያለው እሷ ላይ ነው።