ቤት ያለው ሰው ኤፒክ አያገኝም?

ኒው ዮርክ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። በቅርቡ አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ዋጋ ሰምተው ሳይወስዱ ሊሄዱ ሲሉ «ኤፒክ አለዎት?» አልኳቸው። «እሱ ለድሃ ነው፤ እኔ ቤት አለኝ፣ ልጄም ይሠራል» አሉኝ።

ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ስህተት ነው።

ኤፒክ የኒው ዮርክ ግዛት 65 ዓመት ለሞላቸው ነዋሪዎቹ የመድኃኒት ወጪ የሚያግዝበት ፕሮግራም ነው። የሚታየው ዓመታዊ ገቢ ነው፦ ለብቻ እስከ 75,000፣ ለባልና ሚስት እስከ 100,000 ዶላር። የሚኖሩበት ቤትና ቁጠባ አይቆጠርም። የልጅ ደመወዝም አይቆጠርም።

የሜዲኬር ፓርት ዲ መድን ግን የግድ ነው፤ ኤፒክ የሚከፍለው ከእሱ ቀጥሎ ነው። የእርስዎ ድርሻ ለአንድ መድኃኒት ከ3 እስከ 20 ዶላር ይሆናል። ገቢያቸው ከፍ ያለ ሰዎች ይህ የሚጀምርላቸው በየዓመቱ የተወሰነ ወጪ ከራሳቸው ከከፈሉ በኋላ ነው።

ማመልከቻው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ልጆች፣ ቅጹን ለወላጆቻችሁ ሙሉላቸው፤ ያልገባችሁን እዚሁ ጠይቁኝ።