ዘርን ስለ ማረምና ስለ ጉና ገብስ

ጸሐፊ በብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል ቢያገኝ መጽሐፉን አይጥልም፤ ፊደሉን ፍቆ፥ አብነቱን አይቶ ያርመዋል እንጂ። የዘመናችን የዕፀዋት ሊቃውንትም ይህን የመሰለ ጥበብ አግኝተዋል። ኦሊጎኑክሊዮታይድ የሚባለውን አጭር ክር ሠርተው ወደ ተክሉ ሕዋስ ያስገባሉ፤ ክሩ ከአንዲት ፊደል በቀር የተክሉን ጂን ስለሚመስል፥ ሕዋሱ በራሱ የማደሻ ኃይል ያችን ፊደል እንደ ክሩ ይለውጣታል። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በትምባሆና በበቆሎ ተፈትኖ ታይቷል።

ነገር ግን አራሚ ያለ አብነት ምን ያርማል? የትኛው ፊደል ቢለወጥ እንደሚጠቅም ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው የገበሬው የጥንት ዘር ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1937ና በ1938 የጀርመን ተመራማሪዎች ከአገራችን የወሰዱት ገብስ፥ ኤምኤልኦ የተባለው ጂኑ ተለውጦ የተገኘ ስለ ነበረ፥ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብሰውን በሽታ ይቋቋም ነበር፤ የአውሮፓም ገብስ በእርሱ ተጠበቀ። በ2014 የቻይና ሊቃውንት በሌላ የማረሚያ መሣሪያ ይህንኑ ጂን በስንዴ ላይ ለውጠው ተመሳሳይ ፍሬ አገኙ።

እንግዲህ በጉና ተራራ ዙሪያ፥ በፋርጣና በጋይንት ደጋ፥ ገበሬው ከአባቱ የተቀበለው ገብስ እህል ብቻ አይደለም፤ ገና ተነብቦ ያላለቀ አብነት ነው። ፈጽሞ የጠፋውን ዘር ግን የሚመልሰው ክር የለም። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ዘሩ ከነስሙና ከነቀበሌው ተመዝግቦ በአዲስ አበባ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እንዲቀመጥ ይትጉ፤ ካህናትም አዲስ ዘር የሚቀበለው ሕዝብ ለአሮጌው ጥቂት መደብ እንዲያስቀር ይምከሩ። መጻሕፍትን ከእሳት ያዳኑ አባቶች ልጆች ነንና፥ ዘርንም ልናድን ይገባናል።