ስንቅና ትጥቅ ከመርካቶ፦ ለአራት ቀን የተራራ ጉዞ ምን እንያዝ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። አባባሉ ለተራራ ጉዞ የተነገረ ነው የሚመስለው። ከተማ ውስጥ ክብሪት ቢረሳ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ አለ፤ ተራራ ላይ ግን ያለው የተሸከሙት ብቻ ነው። ባለፈው ጥር ከዲፓርትመንታችን አራት ተማሪዎች ሆነን ወደ ባሌ ተራሮች ስንሄድ ዕቃ የማሟላቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያደግሁት አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ጥግ ነው። ዋናው ሐሳቤም አጭር ነው፦ ተማሪ ለተራራ ጉዞ ውድ የውጭ አገር ዕቃ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ስለ ብርድ፣ ስለ እርጥበትና ስለ ክብደት አስቀድሞ ማሰብ ነው።

የት? መቼ?

ስለ ተራራ ሲወራ የብዙዎቻችን ሐሳብ መጀመሪያ ወደ ስሜን ይሄዳል። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ዋልያና ጭላዳ የሚታዩበት ድንቅ ቦታ ነው። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የተነሳ እኛ ባሌን መረጥን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዓለም የቀይ ቀበሮ ቁጥር ከግማሽ በላይ የሚገኘው እዚያ ነው። የትም ቢሆን ግን ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግዴታ ነው።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናብ የሚቀንስበት ወቅት ነው። መንገዱ በአዳማ፣ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ያደርሳል። አስጎብኚና ዕቃ የሚጭን ፈረስ የሚገኘው እዚያው ነው።

ብርዱን በቁጥር እናስላው

በየ100 ሜትር ሽቅብ ስንወጣ የአየሩ ሙቀት በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀንሳል። መርካቶ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የሰነቴ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሌሊት 7 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ላይ ከዜሮ በታች 3 አካባቢ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው፤ ያውም ንፋሱ ሳይቆጠር! የደረቁ ወራት ዝናብ ባይኖራቸውም ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊታቸው ከክረምቱ ይብሳል።

ልብስ፦ ማሊያ፣ ሱፍና ላስቲክ

ጥጥ ላብና ዝናብ መጥጦ ይይዛል፤ የረጠበ ጥጥ ደግሞ የገላን ሙቀት ይሰርቃል። ስለዚህ ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ቤት ይቅሩ። ለእግር ጉዞ ከሥር የሚለበሰው ርካሹና ምርጡ ልብስ የኳስ ማሊያ ነው፤ ቶሎ ይደርቃላ! በላዩ ላይ ሱፍ ሹራብ ይደረባል፤ ከሰልባጅ ልብስ ክምር ውስጥ ታግሦ የፈለገ አያጣውም። ሱፍ እርጥበት ቢነካው እንኳ ማሞቁን አይተውም። የመንዝ ሰው ባናና በርኖስ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉ በላይ ንፋስና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት ይለበሳል።

ታዲያ ጋቢያችንስ? ይምጣ እንጂ! ነገር ግን ለሌሊት ብቻ፣ ድንኳን ውስጥ፣ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ። ከጋቢው በፊት ግን ከሥር የሚነጠፍ ውኃ የማይመጥ ስፖንጅ ይታሰብ፤ መሬቱ ከአየሩ ባላነሰ ብርድ ያስገባል። ፈረስ ላይ የሚጫነው ጓዝ በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት ቢገባ ከአቧራም ከካፊያም ይድናል።

ጫማ በአዲስነቱ ተራራ አይወጣም። ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ካበጠ በኋላ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጎ መለካት ነው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ክፍል መመላለሻ ይደረግ። ወንዝ ለመሻገርና ማታ ለማረፊያ ደግሞ ኮንጎ ጫማን የሚያህል የለም፤ ቀላል ነው፣ ውኃም አይፈራም።

ስንቅ፦ ያባቶቻችን ብልኃት

የውጭ ተጓዦች በውድ ዋጋ ደረቅ ምግብ ይገዛሉ። እኛ ግን ዱሮውኑ የታወቀ ደረቅ ስንቅ አለን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። በሶ እሳት እንኳ አይፈልግም፤ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም በጨው ይታሸል። ለአንድ ሰው በቀን ከ600 እስከ 700 ግራም ደረቅ ስንቅ ብናስብ ለአራት ቀን ሦስት ኪሎ አይሞላም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ከፍታ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ87 አካባቢ ስለሚፈላ ምስርና ሽምብራ እያሉ መጠበቅ ላምባ መጨረስ ነው፤ ሽሮ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የቡድኑን አባላት ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በእኛ ቡድን ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበረ፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾምም አለ። ስለዚህ ቋንጣውን ሁሉም ለየራሱ ያዘ፣ የጋራው ማዕድ በሶና ሽሮ ሆነ። ማንም ሳይሳቀቅ አብሮ በላ።

ለማብሰያ የላምባ ምድጃ ይያዝ፤ ፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ አይፈቀድም። ድስቱ ቀላል አልሙኒየም ይሁን። ጄሪካንና ቆርቆሮ ነክ ዕቃ ከፈለጋችሁ ምናለሽ ተራ ብቅ በሉ። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፦ ከሰልም ሆነ ምድጃ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ሚዛን ላይ ውጡ

ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመከራል፤ 55 ኪሎ የሚመዝን ሰው 11 ኪሎ መሆኑ ነው። ለመመዘን ደግሞ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። አንዴ ከነቦርሳ፣ አንዴ ያለ ቦርሳ ወጥቶ ልዩነቱን ማየት ነው። ሁለት ሊትር ውኃ ብቻውን ሁለት ኪሎ ስለሆነ እሱም ይቆጠር። ሚዛኑ ካለፈ ሁለተኛው ሱሪ፣ ሽቶው፣ ወፍራሙ መጽሐፍ ይውጣ። የግንባር ባትሪ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ በላስቲክ የታሸገ ክብሪት ግን ፈጽሞ አይውጡ።

ከፍታን አክብሩ

አዲስ አበባ ስለምንኖር ለከፍታ ባዕድ አይደለንም። ሆኖም ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ጥሩ ነው። እኛም የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ያደርነው ለዚሁ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር የመጣበት ሰው ከፍ ብሎ ማደር የለበትም። እየባሰበት ከሄደ ወይም መንገዳገድ ከጀመረ ደግሞ መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው። የጀመሩትን ካልጨረሱ ብሎ እልህ መጋባት እዚህ ጋ አይሠራም፤ ተራራው የትም አይሄድም።

በመጨረሻም የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ቀን ጽፎ ለቤተሰብ መተው ይገባል፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ አይታመንምና። ይህን ያሟላ ቡድን ዓይኑ ከቀይ ቀበሮው ላይ እንጂ ከቦርሳው ላይ አይሆንም። መልካም ጉዞ!